ደሴ ላይ የቅናሽ ሱቅ አፕ አለ ወይ ላልሽው

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን አነበብኩት። አሜሪካ ያለችው የአክስትሽ ልጅ ኦሊስ ከሚባል የትርፍ ዕቃ ሱቅ በአፕ እየገዛች ብዙ እንደምትቆጥብ ነግራሻለች። ደሴና ኮምቦልቻስ እንዲህ ያለ አፕ አለ ወይ ነው ያልሽው። ዳይፐር፣ የሕፃን ዱቄት ወተትና ጁስ መፍጫ እንደምትፈልጊም ጽፈሻል። አንዳንዶች "የለም" ብለው ዘግተውታል። ልክ ናቸው፣ እንደዛ ያለ አፕ የለንም። ግን ስልክሽ ብዙ ያግዝሻል። እኔ የቤት ዕቃ ለመግዛት ስልክ ላይ ሳላጣራ አልወጣም፤ ስለዚህ ዘርዘር አድርጌ ልንገርሽ።

በቅድሚያ ስለ ኦሊስ። ሱቁ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1982 ፔንሲልቫኒያ ውስጥ ነው የተጀመረው። ፋብሪካ አምርቶ ያልሸጠውን፣ ማሸጊያው የተቀየረውን፣ ሌላ ሱቅ ሲዘጋ የተረፈውን በጅምላ ይገዛና በርካሽ ይቸረችራል። አፑ በዋናነት የሱቁን ማስታወቂያ ለማየትና ነጥብ ለመሰብሰብ ነው። ነጥቡ ሲጠራቀም የቅናሽ ኩፖን ይመጣል። ዕቃውን ለመግዛት ግን ሱቁ ድረስ መሄድ አለ። ትርፍ ዕቃ ስለሆነ ደግሞ ዛሬ ያለው ነገ ላይኖር ይችላል። እንግዲህ የአክስትሽ ልጅ ትልቁ ጥቅሟ ከቤት ሳትወጣ ምን እንደገባና ስንት እንደሆነ ማወቋ ነው። ይሄንን እኛም እናገኘዋለን።

የኛ የሱቅ አፕ ቴሌግራም ነው። ደሴ ውስጥ ፒያሳም፣ አራዳም፣ ቧንቧ ውሃም ቻናል ያላቸው ሱቆች አሉ። ሳልባጅ ሻጮችም ቦንዳ ከመክፈታቸው በፊት ቀኑን የሚለጥፉ አሉ። ሱቅ ስትገቢ መስታወቱ ላይ የተለጠፈውን የቻናል ስም ፎቶ አንሺው። ቤት ገብተሽ ሁሉንም ተቀላቀይና ድምፃቸውን ዝጊ። አለበለዚያ ስልክሽ ቀኑን ሙሉ ሲንጫጫ ይውላል፤ አንቺም ያላሰብሽውን ድስት ገዝተሽ ትገኛለሽ። ዳይፐር ስትፈልጊ ብቻ መፈለጊያው ላይ "ዳይፐር" ብለሽ ጻፊ። "ዳይበር" ብለሽም ሞክሪ። ሻጮቻችን ፊደል ላይ እንደየስሜታቸው ናቸው።

አንድ ነገር ግን አሁኑኑ አስተካክይ። ሴቲንግ ውስጥ ገብተሽ ፎቶና ቪዲዮ በራሱ እንዳያወርድ አድርጊው። ያ ሁሉ ቻናል በቀን የሚለጥፈው ቪዲዮ ዳታሽን ይጨርሰዋል፤ በዳይፐር ያተረፍሽው በጥቅል መግዣ ይሄዳል።

"ዋጋ በውስጥ መስመር" የሚሉትን እኔ አልከተልም። ዋጋ የሚደበቀው ሰው አይቶ ለመናገር ነው። እኔ ስጠይቅ አንድ ዋጋ፣ እህቴ ስትጠይቅ ሌላ ዋጋ የተባልንበት ሱቅ አለ። ስሙን አልጠራም። ዋጋውን በግልጽ የሚጽፍ ሱቅ ትንሽ እንኳ ቢወደድ ለእኔ ይሻለኛል።

አሁን ወደ ዳይፐሩ። የእሽጉን ዋጋ አትዪ፣ የአንዱን ፍሬ አስቢ። ለምሳሌ 40 ፍሬ የያዘው 800 ብር ቢሆን አንዱ 20 ብር ነው። 64 ፍሬ የያዘው 1,150 ብር ቢሆን አንዱ 18 ብር ገደማ ይመጣል። "ቅናሽ" ተብሎ በቀይ የተጻፈው ግን 40ው ሊሆን ይችላል። የስልክሽ ካልኩሌተር ከየትኛውም አፕ ይበልጣል። ስታሰቢም የሁለቱ እሽግ የዳይፐር ቁጥር (መጠኑ) አንድ ዓይነት መሆኑን እዪ፤ ትልቁ ቁጥር ብዙ ጊዜ ፍሬው ያንሳል። ያገኘሽውን ዋጋ ሴቭድ ሜሴጅ ላይ (ቴሌግራም ውስጥ ለራስሽ የምታስቀምጪበት) ከነቀኑ አስቀምጪው። ትንሽ ቆይተሽ የትኛው ቅናሽ እውነት እንደሆነ ራስሽ ትለይዋለሽ።

ዕቃ በጣም ረክሶ ካየሽ "ለምን ረከሰ?" ብለሽ ጻፊላቸው። አትፈሪ፣ ጥያቄው ነውር የለውም። ካርቶኑ ተጎድቶ ከሆነ፣ ሞዴሉ አልፎበት ከሆነ፣ ሱቁ ሊዘጋ ከሆነ ደስ ብሎሽ ግዢ። ቀኑ ሊያልፍ ተቃርቦ ከሆነ ግን እንደ ዕቃው ነው። ዳይፐር እሽጉ ካልተቀደደና እርጥበት ካልነካው ብዙም አያሳስብም። ብስኩትና ፓስታ ላይ "ቤስት ቢፎር" የሚለው ስለ ጥራቱ ነው የሚያወራው፤ ቀኑ ስለደረሰ ወዲያው መርዝ አይሆንም። የሕፃን ወተት ላይ ግን ቀልድ የለም። ቀኑ ካለፈ በነፃም ቢሰጡሽ አትውሰጂ። ሊያልፍ የተቃረበውንም ልጅሽ እስከዚያ ጨርሶ እንደሚጠጣው ካላወቅሽ ተዪው። ጣሳው ያበጠ፣ የዛገ ወይም መክፈቻው አካባቢ የተጨረመተ ከሆነም እንደዚሁ።

የቀኑን ፎቶ ከጣሳው ታች አንስተው እንዲልኩልሽ ጠይቂ። ከውጭ የገባ ዕቃ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የሚጻፈው። 05/2026 ካለ በኛ ከሚያዝያ 23 እስከ ግንቦት 23 ቀን 2018 ያለው ወር ነው። 05ን አይቶ "ጥር ነው" የሚል ሻጭ ስላጋጠመኝ ነው ይሄን የምጽፍልሽ። የሀገር ውስጥ ምርት ላይ ደግሞ በየትኛው አቆጣጠር እንደተጻፈ ጠይቂ።

ጁስ መፍጫውን በተመለከተ ከሁሉም በላይ የምትጠይቂው የታችኛውን ጽሑፍ ፎቶ ነው። የኛ መብራት 220 ቮልት ነው። ከአሜሪካ የመጣ ዕቃ ብዙ ጊዜ 120 ቮልት ነው የሚለው። እሱን በቀጥታ ከሰካሽው ይቃጠላል። 100-240 ካለ ያለ ስጋት ትሰኪያለሽ፤ የስልክ ቻርጀርና ላፕቶፕ አብዛኛው እንደዚያ ነው፣ መፍጫና ካውያ ግን ብዙውን ጊዜ አይደለም። ሻጩ "ትራንስፎርመር ግዢበት" ካለሽ የትራንስፎርመሩን ዋጋ ደምሪበት። ሲደመር ከአዲሱ የሚበልጥበት ጊዜ አለ።

ኮምቦልቻ ይረክሳል የሚለው ወሬ በከፊል እውነት ነው። ደረቅ ወደቡም፣ ፋብሪካውም፣ ጉምሩኩም እዚያ ነው። የጉምሩክ ቅርንጫፉ የተወረሱ ዕቃዎችን በጨረታ ይሸጣል፤ የሚሸጠው ግን በብዛት ስለሆነ ለአንድ ዳይፐር ፈላጊ እናት አይሆንም። ያንን የሚገዛው ነጋዴ ነው፣ አንቺ ጋ የሚደርሰው ተቸርችሮ ነው። ስለዚህ ለአንድ ዕቃ ብለሽ ከደሴ የሐረጎን ዳገት ወርደሽ አትውጪ። የደርሶ መልስ ታክሲ፣ እዚያ ስትደርሺ ባጃጅ፣ ልጅም ይዘሽ ከሆነ ምሳ አለ። እኔ ኮምቦልቻ የሚገዛውን አጠራቅሜ፣ ሻጩ ጋ ደውዬ "አስቀምጥልኝ" ብዬ ነው የምሄደው። ብዙዎቹ እስከ ማታ ያቆዩልሻል።

"ቀብድ ላኪ" ካሉሽ ግን ሱቁን በዓይንሽ የምታውቂው ካልሆነ አትላኪ። ሱቅ ውስጥ በቴሌብር ስትከፍዪ በግለሰብ ስልክ ከመላክ የሱቁን የነጋዴ ቁጥር ወይም ኪውአር ጠይቂ። ከ127 የሚመጣውን የቴሌብር መልእክት አታጥፊው፤ ልትመልሺ ስትሄጂ ማስረጃሽ እሱና ደረሰኙ ነው። ገንዘብ ሲያንስሽ እንደኪሴ የሚባለው የቴሌብር ብድር ይሞላልሻል፣ ግን ክፍያ አለው። በቅናሽ ለመግዛት ብሎ መበደር ለእኔ አይገባኝም።

ዘይትና ስኳር እንዲህ አታሳድጂ። እሱን የሸማቾች ማኅበርና የእሁድ ገበያ ጠይቂ።

በመጨረሻ "በዓል እስኪደርስ ልጠብቅ ወይ" ብለሻል። ለልብስና ለጫማ አይመስለኝም፤ በበዓል ሰሞን ፈላጊው ስለሚበዛ ዋጋው ይወጣል እንጂ አይወርድም። "ታላቅ የበዓል ቅናሽ" የሚል ፖስት ስታዪ ቻናሉን ወደ ላይ ስበሽ ያው ዕቃ ቀድሞ ስንት እንደተለጠፈ ፈልጊ። የድሮውን ዋጋ ገብተው የሚቀይሩም አሉ። እንደዚያ ሲያደርጉ ቴሌግራም ከሰዓቱ አጠገብ "ኤዲትድ" የምትል ትንሽ ጽሑፍ ያወጣል። ሁልጊዜ ማጭበርበር ነው ማለት አይደለም፣ ፊደል አርመውም ሊሆን ይችላል። እኔ ግን እሷን ካየሁ ሴቭድ ሜሴጅ ላይ ያስቀመጥኩትን አውጥቼ ሳላስተያይ አልገዛም።

የልጅሽን የዳይፐር ቁጥር ጻፊልኝ፤ ሰሞኑን ሰኞ ገበያ ያየሁት አለ፣ ፎቶውን እልክልሻለሁ።