ኮሪያዊው ለምን ተመረጠ?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ልጄ በአውስትራሊያ ጦር ውስጥ መካኒክነት እየተማረ ነው። አሮጌዎቹ ኤም 113 ብረት ለበሶች ወጥተው የኮሪያው ሬድባክ ይገባል ይለኛል። የጀርመኑ ሊንክስ እያለ ለምን ኮሪያን መረጡ? 450 ይገዛል ተብሎስ እንዴት 129 ላይ ቆመ?
እናት፣ ከሜልቦርን

መልስ፦ እህቴ፣ የቁጥሩ ነገር አጭር ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው የመከላከያ ግምገማ ገንዘቡ ወደ ረጅም ርቀት ሮኬትና ወታደርን ባሕር ዳር ወደሚያወርዱ ጀልባዎች ይዙር አለ። ለብረት ለበሱ አንድ ሜካናይዝድ ሻለቃ የሚያስታጥቅ ተረፈለት።

ምርጫው ግን የኔ ሙያ ነውና ትንሽ ይታገሡኝ። ኤም 113 ቬትናም የዘመተ የአሉሚኒየም ሣጥን ነው። አስረዝመው ቢያድሱትም 18 ቶን ግድም ነው። ሬድባክ 42 ቶን ይመዝናል፤ ጭማሪው በአብዛኛው ወታደሩን ከፈንጂና ከመድፍ የሚከልል ጥሩር ነው። መንግሥት ሁለቱን ተፎካካሪዎች ለሁለት ዓመት ያህል ሲፈትን ቆይቶ በሐምሌ 2023 ሬድባክን መረጠ።

ሰው ሁሉ አስቀድሞ የሚያየው መድፉን ነው። ሁለቱም 30 ሚሊሜትር ይዘው ስለመጡ እሱ ብዙም አይለያቸውም። እኔ የማየው የኋላ በሩንና የሞተር ክዳኑን ነው። እኛ ጋ የነበረው የሶቭየቱ ብረት ለበስ ቢኤምፒ-1 ናፍጣ የሚሞላው የኋላ በሮቹ ውስጥ ጭምር ነበር፤ እግረኛው ነዳጅ ተደግፎ ይሄዳል ማለት ነው። ሌላው የሶቭየት ብረት ለበስ ቢቲአር-60 ደግሞ ከኋላ ያለው ሞተር እንጂ በር አይደለም፤ ልጆቹ በጣሪያና በጎን ይዘሉ ነበር፣ ጥይት እየዘነበ። ሬድባክ ስምንቱን እግረኛ በኋላ በኩል ያወርዳል።

የሞተሩ ነገር ይበልጥ ደስ ይለኛል። ሞተሩና ካምቢዮው ኬ9 ከሚባለው፣ በራሱ ሞተር ከሚሄደው የኮሪያ መድፍ የመጡ ናቸው። አውስትራሊያ ያንኑ መድፍ ቀደም ብላ አዛ ነበር፤ ሁለቱም ጊሎንግ አጠገብ፣ አቫሎን ባለው ፋብሪካ ይሠራሉ። አንድ መለዋወጫ፣ አንድ ሥልጠና፣ አንድ ጋራዥ! ሊንክስም ተመሳሳይ ክርክር ነበረው፤ አውስትራሊያ 211 ያዘዘቻቸው ቦክሰር የሚባሉት ባለ ጎማ ብረት ለበሶች የተኩስ ማማ የእሱ ማማ ወንድም ነው። እኔ ግን ማማና ሞተር አስመርጠውኝ ቢሆን ሞተሩን እወስዳለሁ፤ መንገድ ላይ አቁሞ የሚያስቀረን እሱ ነው።

የማልወድለት አንድ ነገር የሚሄድበት የጎማ ሰንሰለት ነው። ጩኸትና ንዝረት ይቀንሳል፣ ይቀልላል፣ ውስጥ ያለው ወታደርም ያርፋል። የብረቱ ግን አንዱ ሰሌዳ ሲሰበር ሰሌዳዎቹን የሚያያይዘውን ዘንግ፣ ፔርኖውን፣ በመዶሻ አውጥተን፣ ሌላ ሰክተን፣ ጉዟችንን እንቀጥል ነበር። ጎማው በደንብ ከተቀደደ እንደዚያ አይጠገንም።

የመጀመሪያዎቹ በ2027 ይገባሉ ተብሏል። ልጅዎ እስከዚያ አሮጌውን እየጠገነ ይሰንብት፤ ምርጫ ከሰጡት ደግሞ በኬ9 ሞተር ላይ የሚሰጠውን ሥልጠና አስቀድሞ ይውሰድ።