ቁስል ማመርቀዙ በምን ይታወቃል?

እህታችን፣ ወንድምዎ እዚህ ኮምቦልቻ ቅልጥሙን ቆርቆሮ ቆርጦት ከተሰፋ አራተኛ ቀኑ መሆኑንና ከስፌቱ ሥር የሚታየው ቢጫ ነገር መግል ይሁን አይሁን መለየት እንደቸገረዎ ጽፈዋል። በዚሁ ከተማ ጤና ጣቢያ ውስጥ ቁስል በማጠብና ፋሻ በመቀየር ለዓመታት የሠራሁ ነርስ ስለሆንኩ ካየሁት ተነሥቼ ልመልስልዎ።

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት ቁስል ጥቂት ማበጡ፣ መሞቁና ማመሙ፣ ቢጫነት ያለው ቀጭን ፈሳሽም ማውጣቱ የመዳን ሂደት በመሆኑ ብቻውን ሊያስደነግጥዎ አይገባም። መታየት ያለበት ዛሬ ከትናንት መሻሉ ወይም መባሱ ነው። ሕመሙ መቀነስ ሲገባው እየጠዘጠዘ እንቅልፍ ከነሳው፣ እብጠቱ ከስፌቱ አልፎ ከሰፋ፣ ፈሳሹ ወፍሮ ከደፈረሰ ወይም ወደ አረንጓዴ አድልቶ ከሸተተ ቁስሉ ሳያመረቅዝ አልቀረምና ለባለሙያ ያሳዩት።

ብዙ ሰው የሚፈልገው መቅላቱን ነው፤ በጠይምና በጥቁር ቆዳ ላይ ግን መቅላት ጠቆር ወይም ወይን ጠጅ ብሎ ስለሚታይ ዓይን ብቻውን ያታልላል። ስለዚህ እጅዎን በሳሙና ታጥበው፣ በቁስሉ ዙሪያ ያለውን ቆዳ በእጅዎ ጀርባ ዳሰስ አድርገው ከሌላኛው እግሩ ጋር ያነጻጽሩት፤ ይበልጥ የሚሞቅ፣ የጠጠረና የሚያብረቀርቅ ከሆነ አይናቁት። የእብጠቱን ዳር በእስክሪብቶ አስምሮ በማግስቱ መስመሩን ማለፍ አለማለፉን ማየት ከሁሉ በላይ የማምንበት ዘዴ ነው። የስኳር ሕመምተኛ ከሆነ ግን ሕመሙ ላይሰማው ስለሚችል «አላመመኝም» ማለቱን አይቀበሉ።

ትኩሳቱ 38 ዲግሪ ከደረሰ፣ ብርድ ብርድ ካለው፣ ከቁስሉ ወደ ላይ የሚወጣ መስመር ከታየ ወይም ብሽሽቱ ላይ ንፍፊት ከወጣ በዚያው ቀን ይታከም፤ ትንፋሹ ከፈጠነ ወይም መቀባዠር ከጀመረ ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል፣ ካስፈለገም ደሴ ድረስ ይውሰዱት።

የቡና ዱቄትም ሆነ ከካፕሱል የተገለበጠ መድኃኒት አይነስንሱበት፤ ቆሻሻ ሊያስገባ ይችላል፣ የቁስሉንም መልክ ይሸፍንብናል። የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ከወሰደ አምስት ዓመት ካለፈው ወይም መውሰዱን ካላስታወሰ ደግሞ ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ጠይቁ፤ ይህ በሽታ ምንም መግል በሌለው ቁስልም ይገባል።