ኮላው ሲበዛ ካርዱ ይሸበሸባል

በዚህ ሳምንት ያነበብኳቸው ጥያቄዎች ተማክረው የተጻፉ ነው የሚመስሉት። ካርድ የሚሠራውም፣ የወረቀት አበባ የሚያጥፈውም፣ የፎቶ አልበም የሚያዘጋጀውም የሚጠይቀው ስለ ሙጫ ነው። ስለዚህ ሌላውን ሁሉ ለሚቀጥለው አቆይተን ዛሬ ስለ ሙጫ ብቻ እናውራ።

ጥያቄ፦ በእጄ የመልካም ምኞት ካርድ እሠራለሁ። ነጩን ኮላ ነው የምጠቀመው። ስለጥፈው ልሙጥ ያለ ነው፤ ጠዋት ስነሳ ግን ዝናብ የመታው ደብተር መስሎ አገኘዋለሁ። ጓደኞቼ «ጠንከር ያለ ሙጫ ግዢ» ይሉኛል። እውነት ችግሩ የኮላው መድከም ነው?

መልስ፦ ኧረ አይደለም! እንዲያውም ኮላሽ ለወረቀት ከሚያስፈልገው በላይ ጠንካራ ነው። ማረጋገጥ ከፈለግሽ ሁለት ቁራጭ ወረቀት አጣብቂና በደንብ ከደረቀ በኋላ ለማላቀቅ ሞክሪ። ሙጫው ሳይለቅ ወረቀቱ ይቀደዳል። ወረቀቱ ቀድሞ ከተቀደደ ከዚያ በላይ ጥንካሬ ምን ይሠራልሻል? ስለዚህ ለወረቀት ሥራ ሙጫ ስትመርጪ «የቱ ይጠነክራል» የሚለውን ተዪውና «የትኛው ውሃው ያንሳል» ብለሽ ጠይቂ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ነጩ ኮላ፣ ፒቪኤ የሚባለው፣ ግማሽ ገደማው ውሃ ነው። ወረቀት ደግሞ ከእንጨት ቃጫ የተሠራ ነው። ቃጫው ውሃውን ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ መልሶ ይሰበሰባል፤ ኮላው የነካው ቦታ ብቻ አብጦ ያልነካው ባለበት ስለሚቀር ወረቀቱ መሄጃ ያጣና ይሸበሸባል። በዚያ ላይ የፋብሪካ ወረቀት ውስጥ ቃጫው በአብዛኛው ወደ አንድ አቅጣጫ ነው የሚተኛው። ቃጫ ሲርስ በቁመቱ እምብዛም አይረዝምም፣ በጎኑ ግን ይወፍራል። ለዚህ ነው አንዳንድ ካርድ በአንድ በኩል ብቻ እንደ ቱቦ የሚጠቀለለው።

አቅጣጫውን ማወቅ ከባድ አይደለም። ወረቀቱን ሳትሰብሪው በእጅሽ ለስለስ አድርገሽ ጎንበስ አድርጊው፣ ከዚያ አዙረሽ በሌላኛው በኩል ሞክሪ። ሳያስቸግር እሺ ብሎ የሚታጠፍልሽ በቃጫው አቅጣጫ ስታጥፊው ነው። ካርዱ የሚታጠፍበት መስመርም በዚሁ አቅጣጫ ቢሆን ጥሩ ነው፤ ያለበለዚያ መታጠፊያው ላይ ይሰነጣጠቃል። ሁለት ወረቀት ስትለጥፊ የሁለቱም አቅጣጫ አንድ ከሆነ አብረው ያብጣሉ፣ አብረው ይሰበሰባሉ። ይህችን ብቻ ብታስተካክዪ ግማሹ ችግር ይቀላል።

አሁን ወደ አቀባቡ። ከጠርሙሱ ጫፍ እያንጠባጠብሽ ክብ ክብ መሥራቱን አቁሚ፤ እያንዳንዷ ጠብታ ሲደርቅ ከላይ በኩል ትታያለች። ትንሽ ኮላ ክዳን ላይ አውጪና በጠፍጣፋ ብሩሽ፣ ብሩሽ ከሌለ በደንዳና ወረቀት ቁራጭ፣ ከመሃል ወደ ዳር እየገፋሽ ቀቢው። ሥሩ የማይፈለግ ወረቀት አንጥፊለትና ብሩሽሽ ከዳሩ አልፎ ይውጣ፣ አለዚያ ጠርዙ ሳይነካ ይቀራል። መጠኑ ከሥር የወረቀቱ ቀለም ጥርት ብሎ እስኪታይሽ ድረስ ስስ መሆን አለበት። «አነሰ መሰለኝ» ካልሽ ልኩ እሱ ነው። ለማቅጠን ብለሽ ውሃ እንዳትጨምሪበት፣ የሸሸሽውን ውሃ መልሰሽ ማምጣት ነው የሚሆነው። ለጥፈሽ ስትጨርሺ ንጹህ ወረቀት ከላይ አድርገሽ በማንኪያ ጀርባ እሺው፤ ከዚያ ከላይም ከታችም ደረቅ ወረቀት ደርበሽ ከባድ መጽሐፍ ጫኚበትና እስከ ማግስቱ አትንኪው። መቼም መንካትሽ አይቀርም። ቢያንስ ከግማሽ ሰዓት በኋላ የረጠበውን ወረቀት በደረቅ ቀይሪለት።

አንድ ነገር ግን ልንገርሽ። የካርዱ ደንዳና ወረቀት በካሬ ሜትር ከ200 እስከ 300 ግራም ስለሚመዝን ኮላ ይችላል። የተለመደው የፕሪንተር ወረቀት 80 ግራም ነው፤ እሱን ሙሉ በሙሉ ኮላ ቀብተሽ ሳይሸበሸብ ይቀራል ማለት ዘበት ነው። ለእሱ ስቲክ ኮላ ወይም በሁለቱም ፊቱ የሚጣበቀውን ደብል ቴፕ ተጠቀሚ።

ጥያቄ፦ ግጥም በፕሪንተር አትሜ ካርድ ውስጥ ለጠፍኩ። ኮላው ሲነካው ጥቁሩ ጽሑፍ ወደ ሐምራዊ ተለውጦ ፈሰሰ። ኮላው ውስጥ ኬሚካል አለ እንዴ?

መልስ፦ ኮላውን አትውቀሰው፣ ያፈሰሰው ያው ውሃው ነው። ቀለም ከሚረጩት የኢንክጄት ፕሪንተሮች የብዙዎቹ ቀለም ውሃ ሲያገኝ ይሟሟል። የሌዘር ፕሪንተር ግን በሙቀት ቀልጦ ወረቀቱ ላይ የሚጣበቅ የፕላስቲክ ዱቄት ስለሚጠቀም ኮላ ቢነካውም ምንም አይሆንም። ያለህ ኢንክጄት ከሆነ ደብል ቴፕ ለጥፍበትና ተገላገል። የትኛው እንደሆነ ካላወቅክ የታተመ ቁራጭ ላይ እርጥብ ጣት አሳርፍ፣ ወዲያው ታየዋለህ።

ጥያቄ፦ ደብል ቴፕ ገዛሁ፤ ንጹህ ነው፣ ወዲያው ይይዛል። ግን አንዴ ካረፈ አረፈ ነው! ትንሽ ከተንሻፈፈብኝ ካርዱ ሞተ ማለት ነው። ደግሞ ከፍ ብሎ የሚታይ ሥዕል ለመለጠፍ ብዬ ስፖንጅ ያለውን ዓይነት ተጠቅሜ ጠማማ አድርጌ ለጠፍኩት። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ቴፑን ከሥዕሉ ጀርባ ለጥፈሽ ስታበቂ መሸፈኛውን ወረቀት ሙሉ በሙሉ አትላጪው። ከእያንዳንዱ ጫፍ ጥፍር የምታክል ብቻ ላጪና ወደ ውጪ በሰያፍ እጠፊያት፣ ከሥዕሉ ጠርዝ አልፋ ትታይሽ። ሥዕሉን ካርዱ ላይ አስቀምጪ፤ ሙጫው ገና በአብዛኛው ስለተሸፈነ እንደፈለግሽ ታንሸራትቺዋለሽ። ከማስመሪያ ጋር አስተያዪው፣ ራቅ ብለሽ እዪው፣ አሁን ልክ ነው ስትዪ በአንድ እጅ መሃሉን ያዝ አድርገሽ እነዚያን ጅራቶች አንድ በአንድ ሳቢ። አለቀ። ካርድ የሚሠሩ ሰዎች ሌላም ዘዴ አላቸው፦ መሸፈኛውን ልጠው ቴፑ ላይ ጠብታ ኮላ ጣል ያደርጋሉ፤ ኮላው እርጥብ እስከሆነ ድረስ ሥዕሉ ይንሸራተታል።

የተጣመመውን ስፖንጅ ደግሞ አትገንጥዪው፣ ካርዱን ይዞት ይነሳል። ቀጭን ጠንካራ ክር ውሰጂ፣ የጥርስ ማጽጃ ክር በጣም ጥሩ ነው። በሥዕሉና በካርዱ መካከል አስገብተሽ ወዲያና ወዲህ እየሳብሽ እንደ መጋዝ ቁረጪው። ስፖንጁ ለሁለት ይከፈላል፣ ወረቀቱ አይነካም። ካርዱ ላይ የቀረው ግማሽ ስፖንጅ ግን ሙጥኝ ብሎ ካስቸገረሽ አትፋቂው፣ እዚያው ትተሽው አዲሱን ከላዩ ደርቢበት። ማን ያየዋል? ተራውን ደብል ቴፕ ከሆነ የምታላቅቂው በፀጉር ማድረቂያ ሞቅ አድርጊው፤ ሙጫው ሲሞቅ ስለሚለሰልስ ቀስ ብሎ ይላቀቃል።

አሳልፎ የሚያሳየውን ስስ ወረቀት የምትጠቀሙ፣ ጥያቄያችሁን አይቻለሁ። በዚያ ወረቀት ላይ የማይታይ ሙጫ ብዙም የለም፤ ሙጫውን አበባው ወይም ጽሑፉ በሚያርፍበት ቦታ ሥር ደብቁት፣ ወይም ጭራሽ ሙጫውን ተዉና ወረቀቱን በስታችሁ በሪባን እሰሩት። ስፕሬይ ሙጫም ስስ አድርጎ ያርፋል፣ እውነት ነው፣ ግን ሽታው ከባድ ነው፣ እሳት አጠገብ አይቀርብም፣ ደጅ ወጥቶ ካልሆነ ወለሉም ጠረጴዛውም አብሮ ይጣበቃል። ለአንዲት ካርድ ብዬ እኔ አልነካውም።

ጥያቄ፦ የእናቴን የድሮ ፎቶዎች ሰብስቤ አልበም ልሠራላት ነው። አንዳንዶቹ ድሮ በፕላስተር ተለጥፈው ስለነበር ቡናማ እድፍ ይዘዋል። አዲሱን አልበም በምን ልለጥፈው?

መልስ፦ ፎቶውን በምንም አትለጥፊው። የፎቶ ማዕዘን የሚባሉ ትናንሽ ኪሶች አሉ፤ አራቱ ጫፎች እዚያ ውስጥ ይገባሉ፣ ሙጫው የሚነካው ገጹን እንጂ ፎቶውን አይደለም። ከወፍራም ወረቀት ቆርጠሽ ራስሽም ትሠሪያቸዋለሽ። ነገ ፎቶውን አውጥተሽ ከጀርባው የተጻፈውን ማንበብ ብትፈልጊ ትችያለሽ። እናትሽ መጠየቃቸው አይቀርም።

ያ ቡናማ እድፍ የመጣው ከፕላስተሩ ሙጫ ነው። ጥርት ያለው ፕላስተር ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1930 ነው፤ የድሮዎቹ ሙጫቸው ከጎማ የተሠራ ስለነበር ከአየር ጋር እየተዋሃደ መጀመሪያ ይለሰልሳል፣ ወረቀቱ ውስጥ ይሰርጋል፣ ከዚያ ቢጫ ከዚያም ቡናማ ይሆናል። በመጨረሻ ላስቲኩ ብቻውን ይረግፋል፣ እድፉ ይቀራል። የጎማ ሙጫ በቆርቆሮ የሚሸጠውም፣ ማስቲሽ የምንለው፣ ጣጣው ያው ነው። ሲለጠፍ ደስ ይላል፣ አያሸበሽብም፣ ትርፉን በጣት ጠቅለል አድርገሽ ታነሺዋለሽ፣ ከዓመታት በኋላ ግን ፎቶው ላይ ካርታ ሥሎ ታገኚዋለሽ። ገጻቸው ራሱ ሙጫ የተቀባና በላስቲክ የሚሸፈን አልበሞችንም ራቂያቸው፤ ፎቶው እየቆየ እዚያው ይደርቅና አይላቀቅም።

ዕቃ ስትገዢ «አሲድ የሌለው» የሚል ጽሑፍ ፈልጊ። ከዚያም የሚሻለው «አይኤስኦ 18916» የሚል ከተጻፈበት ነው፤ ዕቃው ፎቶን ይጎዳ እንደሆነና እንዳልሆነ የሚለካበት ፈተና ነው። አሁንም ፕላስተር የተለጠፈባቸው ፎቶዎች ካሉ ደግሞ አደራ እንዳትልጫቸው። መጀመሪያ በስልክሽ አንሻቸውና ቅጂ ያዢ፣ ዋናው የግድ መጠገን ካለበት የፎቶና የወረቀት ጥገና ለሚያውቅ ባለሙያ ስጪው።

ጥያቄ፦ አስተማሪ ነኝ። ከትናንሽ ልጆች ጋር ካርድ ልንሠራ ነው። በሙቀት ቀልጦ የሚወጣው ሆት ግሉ ቶሎ ይይዛል ብዬ አስቤ ነበር። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ ሆት ግሉን ከክፍሉ ያውጡት። ዝቅተኛ ሙቀት የሚባለው እንኳ 120 ዲግሪ ገደማ ነው፣ ከፍተኛው ደግሞ ወደ 190 ይጠጋል፤ ጣት ላይ ሲያርፍ ተጣብቆ እያቃጠለ ይቆያል። ሱፐር ግሉንም እንዲሁ። እሱ የሚደርቀው እርጥበት ሲያገኝ ስለሆነ የልጅ ጣት ላይ ወዲያው ይይዛል፣ ጥጥ ላይ ከፈሰሰ ደግሞ ሊያቃጥል የሚችል ሙቀት ያወጣል። ወረቀት ላይም ቢሆን ዋጋ የለውም፤ ሰርጎ ይገባና ጠቆር ያለ እድፍ ይተዋል፣ ዙሪያውን ነጭ አቧራ የመሰለ ነገር ያለብሰዋል።

ለልጆች ስቲክ ኮላ ነው። ውሃው ትንሽ ነው፣ አይፈስም፣ ልብስ ላይ ቢነካም ይታጠባል። የመጀመሪያው ስቲክ ኮላ እ.ኤ.አ. በ1969 ጀርመን ውስጥ የወጣው ፕሪት ነው፣ ሐሳቡም የመጣው ከከንፈር ቀለም ነው፤ ልጆቹ ይህን ሲሰሙ ከንፈራቸው ላይ እንዳይሞክሩት ብቻ ይጠንቀቁ። ቀለም ያለውን፣ ሐምራዊውን ካገኙ እሱን ይግዙ። የት እንደቀቡ ያያሉ፣ ሲደርቅ ቀለሙ ይጠፋል። ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ እንዲያወጡ ያስለምዷቸው፣ ብዙ ካወጡት ይሰበራል። ክዳኑን ደግሞ አንድ ልጅ ይሾሙለት። ቀልዴን አይደለም፣ ስቲክ ኮላ የሚያልቀው ተቀብቶ ሳይሆን ሳይከደን አድሮ ደርቆ ነው።

ጥያቄ፦ ካርድ ላይ የለጠፍኩት አዝራር ይወድቃል፣ ብልጭልጩም ይረግፋል።

መልስ፦ አዝራሩን በመርፌና በክር ስፋው። ደንዳና ወረቀት መርፌ ይችላል፣ ያምራልም። መስፋት ካልፈለግክ ወፈር ያለ ኮላ በስቴኪኒ ጫፍ ከአዝራሩ ጀርባ አድርግና ካርዱን አስተኝተህ አሳድረው፤ ፕላስቲክ ውሃውን ስለማይጠጣ ቶሎ አይደርቅም፣ አንተ ቀድመህ ስላቆምከው ነው የወደቀው። ሆት ግሉ እዚህ ላይ ይሠራል የሚሉ አሉ፣ ነገር ግን ጉብ ብሎ ፖስታው አልዘጋ ይላል፣ ሙቀት ያለበት ቦታ ከተቀመጠም ይለቃል።

ለብልጭልጩ፣ ነጩን ኮላ ሥዕሉ ላይ በቀጭን ብሩሽ ስስ አድርገህ ቀባ፣ ሳይደርቅ በብዛት ነስንስበት፣ ዱቄቱን በጣት ጫን አድርገውና ተወው። ሙሉ በሙሉ ሲደርቅ ከታጠፈ ወረቀት በላይ ይዘህ ጀርባውን መታ መታ አድርግ፤ የረገፈውን በእጥፉ በኩል ወደ ዕቃው ትመልሰዋለህ። ከዚያ ደረቅ ለስላሳ ብሩሽ አሳልፍበት፣ የቀረው የጸና ነው። ምንጣፉ ላይ ስለሄደው ብልጭልጭ ግን አትጠይቀኝ፣ እሱን እስካሁን ያሸነፈ ሰው አላየሁም።