ከእድምተኛው ሲሶው ሙስሊም ነው፤ ድግሱን እንዴት ላሰናዳ?

ጥያቄ፦ ለተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ፤ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው ደሴ ከተማ ነው። የመጀመሪያ ልጄን በመጪው ጥር ወር፣ በዕለተ እሁድ፣ በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ልድር በዝግጅት ላይ ነኝ። የጠራነው ሰው 400 ያህል ሲሆን፣ ከእነዚህ ውስጥ 130 የሚሆኑት በሐዘንም በደስታም ተለይተውን የማያውቁ ሙስሊም ጎረቤቶቻችንና የባለቤቴ የሥራ ባልደረቦች ናቸው። ባለቤቴ ሁለት ሰንጋ ካልተጣለ ድግስ አይባልም ይላል፤ ልጄ ምግቡ ሁሉ ከሆቴል ይምጣ ትላለች፤ ውጭ አገር ያለው ወንድሜ ደግሞ ውስኪ እልካለሁ ብሏል። መልሱን ረቡዕ ለማድረግ አስበናል። ምን ያህል ምግብና መጠጥ ላዘጋጅ? ለሙስሊም እንግዶቻችን ምን ባደርግ ይሻላል? ጥሬ ሥጋስ የግድ መቅረብ አለበት?
የሙሽራዋ እናት፣ ከደሴ

መልስ፦ በቅድሚያ እንኳን ለዚህ አበቃዎ። በቤትዎ ክርክሩ የተነሣው ስለ ሰንጋው፣ ስለ ሆቴሉና ስለ ውስኪው ቢሆንም፣ እኔ ግን የድግሱ ሐሳብ መጀመር ያለበት ከ130ዎቹ ሙስሊም እንግዶችዎ ነው እላለሁ፤ ምክንያቱም ሌላው ሁሉ በመጨረሻው ሳምንት ቢጎድል በገንዘብ ይሞላል፣ የእነርሱ ግን ቀድሞ ካልታሰበበት በዕለቱ የሚሞላበት መንገድ የለም። እርስዎም እንደሚያውቁት ክርስቲያን ያረደውን ሙስሊሙ፣ ሙስሊም ያረደውን ደግሞ ክርስቲያኑ አይበላም፤ ድስቱም፣ ማማሰያውም፣ ቢላዋውም አይቀላቀልም።

ከብዙ ዓመታት በፊት በአንድ ሠርግ ላይ ያየሁት ነገር እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም። የሙሽራው እናት የቅርብ ጎረቤት የነበሩ አንዲት ሙስሊም እናት ሦስት ቀን ሙሉ ሽንኩርት ሲልጡና ሲከትፉ ሰንብተው፣ በሠርጉ ዕለት አንድ ጠርሙስ ለስላሳና አንድ ቁራሽ ኬክ ይዘው ከድንኳኑ ጥግ ተቀምጠው ነበር። አሳላፊዎቹ ባለፉ ቁጥር «ጠግቤያለሁ፣ ተመስገን» ይላሉ፤ የሽንኩርቱ ሽታ ግን ገና ከእጃቸው አልለቀቀም ነበር። የናቃቸው ሰው አልነበረም፤ ያሰበላቸው ግን ጠፋ። ደጋሿ ነገሩን ያወቁት እንግዳው ሁሉ ከተሸኘ በኋላ ነው፤ ያን ዕለት ማታ ሲያለቅሱ አይቻቸዋለሁ።

ስለዚህ ከሙስሊም ጎረቤቶችዎ መካከል ሙያቸውን የሚያምኑባቸውን ሁለት ወይም ሦስት እናቶች ይምረጡና የዚህን ወገን ድግስ ሙሉ በሙሉ ለእነርሱ ያስረክቡ። ሽንኩርቱን፣ በርበሬውን፣ ቅቤውንና ዘይቱን እርስዎ ይግዙ፤ እርዱና ወጡ ግን በእነርሱ ግቢ፣ በእነርሱ ድስት ይሁን። ከእድር የሚመጣው ድስት የቱንም ያህል ቢታጠብ ለዚህ እንዳይውል፤ ሣህኑና ብርጭቆውም ጠላና ጠጅ ያልነካው ይሁን። የምግቡ ዓይነት ከሌላው እንግዳ ጋር አንድ መሆን አለበት፤ እዚህ ቀይ ወጥ፣ አልጫና ጥብስ ካለ እዚያም ቀይ ወጥ፣ አልጫና ጥብስ ይኑር። ድንኳኑን አይክፈሉት። ምግቡ የሚወጣበት ጠረጴዛና የሚያስተናግዱት አሳላፊዎች ብቻ ይለዩ፤ ጠረጴዛው ከመግቢያው አጠገብ፣ ሁሉም በሚያየው ቦታ ይሁን እንጂ ወደ ጓሮ አይሂድ። እንግዶቹ የዝሁር ሶላታቸውን ሰግደው የሚመጡ ከሆነ ምሳው ያን ሰዓት ጠብቆ ይቅረብ።

አሁን ወደ ሰንጋው እንምጣ። እኔ የምጠቀምበት ስሌት ለአንድ ሰው ሩብ ኪሎ አጥንት የሌለው ጥሬ ሥጋ ነው፤ ወጥም ጥብስም ለሚቀርብበት ድግስ ከዚህ የበለጠ አያስፈልግም። ለ270 ክርስቲያን እንግዶችዎ 67 ኪሎ ተኩል ይሆናል፤ ሳይጠራ ለሚመጣውና ለሠራተኛው አንድ አሥረኛ ቢጨምሩበት 75 ኪሎ ገደማ ይደርሳል። በቁሙ 300 ኪሎ የሚመዝን ሰንጋ ታርዶ ቆዳው፣ ሆድ ዕቃውና ጭንቅላቱ ሲወጣ ግማሽ ያህሉ ይቀራል፤ አጥንቱ ሲለይ ደግሞ ከ100 ኪሎ ብዙም አይርቅም። እንግዲህ አንድ ደህና ሰንጋ ይበቃል ማለት ነው፤ ለሁለተኛው የተያዘው ገንዘብ ለ130ዎቹ የሚያስፈልገውን 36 ኪሎ ሥጋ ከሙስሊም ሥጋ ቤት ይገዛል፣ ወይም በግና ፍየል ያሳርዳል። ለባለቤትዎ ይህን በቁጥር ቢያስረዷቸው ይቀበሉዎታል ብዬ አምናለሁ። እንጀራ ለሰው አንድ ተኩል ይበቃል፤ ለሁለቱም ወገን 600 እንጀራ ከድፎ ዳቦ ጋር አያሳፍርዎትም።

ዶሮ ወጥ ለ400 ሰው አልመክርም። አንድ ዶሮ 12 ብልት ነው፤ ለክርስቲያኑ እንግዳ ብቻ አንድ አንድ ብልት ቢደርስ እንኳ 23 ዶሮ ተገንጥሎ፣ ታጥቦ፣ 270 እንቁላል ተቀቅሎ መላጥ አለበት። ለሙሽሮቹና ለሚዜዎቹ ይሠራ፤ ከዚያ ውጭ ለመልሱ ይቆይ።

የመልሱ ቀን ግን መለወጥ አለበት። ረቡዕ ጾም ስለሆነ ያ ሁሉ ዶሮና ሥጋ ለማን ይቀርባል? መልሱ ከእሁድ ጀምሮ ሲቆጠር በሦስተኛው ቀን፣ ማለትም ማክሰኞ ቢደረግ ደግ ነው። ሠርጉ በጥር መጨረሻ ከሆነ ግን አንድ ተጨማሪ ነገር ይመርምሩ፤ ጾመ ነነዌ ከጥር 17 ጀምሮ እስከ የካቲት 21 ባለው ጊዜ ውስጥ ሊገባ የሚችል ሲሆን ከሰኞ እስከ ረቡዕ ይጾማል። ከሠርጉ ማግሥት ከዋለ መልሱን ወደ ሐሙስ ያሻግሩት። የዓመቱን አቆጣጠር የንስሐ አባትዎ ወዲያው ይነግሩዎታል፤ የጥሪ ካርዱ ከመታተሙ በፊት ይጠይቋቸው። ምስር ወጥ፣ ጎመንና ሽሮ ግን እሁድም ይኑሩ፤ በሕመም ወይም በስእለት ሥጋ የማይበላ ሰው ከየትኛውም ወገን አይጠፋም።

ጥሬ ሥጋ የግድ አይደለም። ኮሶ የሚይዘው በበሬ ሥጋ ውስጥ ካለው የትሉ እጭ ሲሆን፣ በቄራ የሚደረገው ምርመራ ሁሉንም አይይዝም፤ በደንብ የበሰለ ሥጋ ግን ከዚህ ነጻ ነው። እኔ ብሆን አላቀርብም። ባለቤትዎ ያለ ቁርጥ አይሆንም ካሉ ሰንጋው ቄራ ታርዶ ይመርመር፤ ሥጋው ከድንኳን ተሰቅሎ በሙቀት አይዋል፤ ለሚፈልግ ሰው ብቻ በጥቂት በጥቂቱ ይቆረጥ። ቅዳሜ የተሠራው ወጥም ቢሆን ሌሊቱን በትልቅ ድስት ለብ እንዳለ ካደረ ስለሚበላሽ፣ በትንንሽ ዕቃ ተከፍሎ ይቀዝቅዝና እሁድ ጠዋት እስኪፍለቀለቅ ይሙቅ።

ከመጠጡ ጊዜ የሚፈጀው ጠጅ ነው። የሚጠጡት 200 ሰዎች ናቸው ብንልና ለያንዳንዳቸው ግማሽ ሊትር ብንይዝ 100 ሊትር ያስፈልጋል። አንድ እጅ ማር በሦስት እጅ ውሃ ሲበረዝ 25 ሊትር ማር ይሆናል፤ የማር አንድ ሊትር 1.4 ኪሎ ያህል ስለሚመዝን 35 ኪሎ ይግዙ። ጌሾው ገብቶ በደንብ እንዲበስል ከሠርጉ ቢያንስ ሦስት ሳምንት ቀድሞ ይጣል። ጠላው በሁለት ሳምንት ይደርሳል፤ ጋኑ በወይራ ታጥኖ፣ ጥንስሱ በሚያምኑት እጅ ይጣል። ለማይጠጡት ሁሉ ብርዝ ያሰናዱ፤ ነገር ግን ብርዝ ካደረ መፍላት ስለሚጀምር ለሙስሊም እንግዶችዎ የሚቀርበው በዕለቱ ጠዋት፣ ጠጅ በማያውቅ ዕቃ ይበረዝ። ውሃ ለሁሉም ይብዛ፤ በርበሬ የበላ ሰው ከምንም በላይ የሚጠይቀው እርሱን ነው። ለወንድምዎ የውስኪውን ገንዘብ ለማሩ እንዲያደርጉት በደግ ቃል ይጻፉላቸው፤ ጠጅና ውስኪ ቀላቅሎ የጠጣ እንግዳ መኪና ይዞ ሲወጣ ማየት አይፈልጉም።

የሆቴሉን ነገር በተመለከተ፣ ልጅዎ ይህን ያለችው ምናልባት እናቷ በሠርጓ ቀን ጓዳ ለጓዳ ስትል እንዳትውል ብላ ይሆናል፤ ከሆነም ልክ ነች። ሆቴል በሰው ቁጥር ያስከፍላል፤ እርዱን የመለየቱን ጉዳይ ግን እርስዎ እንደሚያስቡለት አያስብለትም። ከዚያ ይልቅ ልምድ ያላት ወጥ ሠሪ ከረዳቶቿ ጋር ይቅጠሩ፤ የጓዳውን ቁልፍ ለእህትዎ ወይም ለሚያምኗት ዘመድ ያስረክቡና እርስዎ ለብሰው ከልጅዎ አጠገብ ይቀመጡ። ምግቡ በቡፌ ቢደረደርም ሥጋውን አሳላፊ ያውጣ፤ እንግዳው ራሱ ካነሣ ከሰልፉ ኋላ ላሉት አይደርስም።

ሰንጋው ከመገዛቱ በፊት ግን ከባለቤትዎ ጋር ሆነው ወደ ሙስሊም ጎረቤቶችዎ ይሂዱ፤ ሠርጉ አንድ ወር ሲቀረው ቢሆን ይመረጣል። ቡና ተፈልቶ ሳለ ድግሱን እንደሚያስረክቧቸው ይንገሯቸው፤ በግ ይሁን ፍየል ወይም ጥጃ፣ ማን ይረድ፣ በማን ግቢ ይሠራ የሚለውንም እነርሱ ይወስኑ፤ ገንዘቡን በዚያው ዕለት በእጃቸው ይስጧቸው።