ፍርሃቱ አልለቅ ስላለሽ ብቻ እድገቱን አትመልሺው

እህቴ ሰላም ላንቺ ይሁን። መልዕክትሽን ደጋግሜ አነበብኩት፣ ሌሎችም በተመሳሳይ ነገር ስለሚጨነቁ ጥያቄሽን ባጭሩ ላስቀምጠውና እመልስልሻለሁ። ኮምቦልቻ በቴክስታይል ተመርቀሽ እዛው አንድ ልብስ ፋብሪካ ኳሊቲ ላይ ሁለት ዓመት ሠርተሻል፣ አሁን የአንድ ላይን፣ ማለትም የአንድ ስፌት መስመር፣ ሱፐርቫይዘር ሁኚ ተብለሻል፣ አርባ የሚሆኑ ኦፕሬተሮች ሊኖሩሽ ነው። ካንቺ በፊት የነበረው ልጅ ደሞ የለቀቀው የሠራተኛውን ኦቨርታይም ቀንሰህ ፈርም እየተባለ መሆኑን ታውቂያለሽ። ጸለይሽ፣ ጾምሽ፣ ፍርሃቱ ግን አልሄደም። እና «ከእግዚአብሔር ቢሆን ኖሮ ውስጤ ሰላም ያገኝ ነበር፣ ይቅርብኝ ልበላቸው?» ነው ያልሽኝ።

መጀመሪያ አብሽሪ። ቀጥሎ ደሞ የማምንበትን በግልጽ ልንገርሽ፣ ፍርሃቱ ስላልለቀቀሽ እግዚአብሔር እምቢ ብሏል ማለት አይደለም። ደሞዙ የማያዋጣ ከሆነ፣ ጤናሽ ካልፈቀደ፣ ማስተርስ ልትጀምሪ ከሆነ ይቅርብኝ በይ፣ እነዚህ ምክንያት ናቸው። ፍርሃት ለብቻው ግን ምክንያት አይሆንም፣ ብዙ ጎበዝ ልጆች በዚ ብቻ እድላቸውን ሲመልሱ አይቻለሁ፣ በጣም ነው የሚያሳዝነኝ።

ነህምያን ታውቂዋለሽ። ስለሱ ሲሰበክ ሁሌ የምንሰማው የኢየሩሳሌምን ቅጥር በ52 ቀን መጨረሱን ነው፣ እኔ ግን ለልጆች ደጋግሜ የማነብላቸው ምዕራፍ 2ን ነው። ሰውየው የንጉሥ አርጤክስስ ጠጅ አሳላፊ ነው፣ ንጉሡ ፊቱን አይቶ ለምን አዘንክ ሲለው እጅግ ብዙ ፈራሁ ብሎ ራሱ ጽፎታል። ከዛ በፊት እኮ አራት ወር ገደማ ሲጾምና ሲጸልይ ነው የከረመው! ያን ያህል ጸልዮም ሰዓቱ ሲደርስ ፈራ፣ እየፈራ እዛው ቆሞ ወደ ሰማይ አምላክ ጸለየ፣ ከዛ አፉን ከፍቶ የፈለገውን ተናገረ። ሲናገር ደሞ ዝምብሎ እርዳኝ አላለም። መቼ እንደሚመለስ ቀኑን ቆረጠ፣ ከወንዝ ማዶ ላሉት ገዢዎች የማለፊያ ደብዳቤ ጠየቀ፣ የንጉሡን ዱር ለሚጠብቀው ለአሳፍ እንጨት እንዲሰጠው ሌላ ደብዳቤ ጠየቀ። ይሄ ሁሉ ዝርዝር ንጉሡ ፊት ድንገት የመጣለት አይመስለኝም፣ ሲጸልይ በከረመባቸው ወራት አብሮ ሲያስበው የነበረ ነው።

ስለዚ አንቺም ጸሎትሽን ሳታቆሚ ወረቀትሽን አዘጋጂ። ኤችአር ስትገቢ የሥራ ዝርዝሩን በጽሑፍ ስጡኝ በይ፣ ሪፖርት የማደርገው ለማን ነው፣ አቴንዳንስና ኦቨርታይም ላይ የመጨረሻ ፊርማ የማን ነው፣ ደሞዙ ከመቼ ጀምሮ ይስተካከላል፣ ካልሆነልኝ ወደ ኳሊቲ መመለስ እችላለሁ ወይ ብለሽ ጠይቂ። ይሄን መጠየቅ እምነት ማነስ አይደለም፣ ድፍረት ማብዛትም አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ፍርሃትሽ፣ ወደ ኦቨርታይሙ ልምጣ። ሕጉን በቃልሽ ያዢው፣ በ2011 የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 ነው። መደበኛው ሥራ በቀን ከ8 ሰዓት፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም፣ ኦቨርታይም ደሞ በቀን ከ4 ሰዓት፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት ማለፍ የለበትም። ክፍያው ቀን ላይ የመደበኛው 1.5 እጥፍ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት 1.75፣ በሳምንት የእረፍት ቀን 2፣ በበዓል ቀን 2.5 እጥፍ ነው። ይሄን የሚያውቅ ሱፐርቫይዘር ድምፁን ሳያነሳ መናገር ይችላል።

ነገሩ የሚመጣው ደሞ ብዙ ጊዜ በወሩ መጨረሻ ሰርቪሱ ሊነሳ ሲል ነው፣ ሁሉም ሰው ቦርሳውን አንግቶ፣ አለቃሽ የኦቨርታይም ሺቱን ዘርግቶ «ይቺን ብቻ ፈርሚልኝና ሂጂ» ይልሻል። ያኔ ስብከት አያስፈልግም፣ ክርክርም አያስፈልግም። «ይሄ ቁጥር እኔ ከያዝኩት አቴንዳንስ ጋር አልገጠመልኝም፣ ነገ ጠዋት አብረን አስተካክለነው እፈርማለሁ» በይ፣ በቃ። ይሄን ለማለት ደሞ በየቀኑ የራስሽን አቴንዳንስ በደብተር መያዝ አለብሽ፣ ማን ስንት ሰዓት እንደቆየ። ደብተሩ ከሌለሽ አፍሽ ይተሳሰራል።

እዚህ ጋ ነህምያ ምዕራፍ 5ን አንብቢልኝ። ገዢ ሆኖ ሲሾም ከሱ በፊት የነበሩት ገዢዎች ሕዝቡ ላይ ከብደው እህልና ብር ይወስዱ ነበር፣ እሱ ግን 12 ዓመት ሙሉ የገዢነቱን ቀለብ አልበላም፣ ምክንያቱን ሲናገር እግዚአብሔርን ስለፈራሁ ነው ያለው። ንጉሡ ፊት የተንቀጠቀጠው ያው ሰውዬ ነው እኮ! ድሃውን በወለድ የያዙትን መኳንንት ሰብስቦ ፊት ለፊት የወቀሳቸውም እሱ ነው። የፈሪነት ተፈጥሮው ተቀይሮ አይመስለኝም፣ ከአለቃና ከባለሀብት በላይ የሚፈራው አምላክ ስለነበረው ነው። አንቺም አለቃሽን መፍራት እስክታቆሚ አትጠብቂ፣ የዛች ኦፕሬተር የድካም ዋጋ ሲቀነስ እግዚአብሔር እንደሚያይ አስቢ፣ እጅሽ ያኔ ይጠነክራል።

ዋጋ አያስከፍልሽም ብዬ ግን አልዋሽሽም። ከ2014ቱ ጦርነትና አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ፣ ከቀረጥ ነፃ ገበያዋ፣ ካስወጣች በኋላ ኮምቦልቻ ላይ ሥራ ማጣት ምን እንደሆነ አንቺም እኔም አይተናል። ሠለስቱ ደቂቅም እሳቱ ፊት ቆመው አምላካችን ያድነናል፣ ባያድነንም አንሰግድም ነው ያሉት። ስለዚ ከአዲሱ ደሞዝሽ ላይ ቀስ እያልሽ የሦስት ወር ወጪሽን አስቀምጪ። ቤት ኪራይሽ የተሸፈነ ከሆነ እውነቱን መናገር ይቀልሻል፣ ይሄን ከልምድ ነው የምነግርሽ።

«መሪ ሆኜ አላውቅም» ላልሽው በጣም ነው የማልስማማው። ግቢ ጉባኤ ሰብሳቢ ሆነሽ ለመስከረም 21 ግሸን ጉዞ አዘጋጅተሻል አይደል፣ ገንዘብ ሰብስበሽ፣ መኪና ተከራይተሽ፣ ስንቅ አስተባብረሽ፣ ዳገቱ ላይ የደከመውን ጠብቀሽ፣ ሁሉንም ቆጥረሽ ወደ ግቢ መልሰሻል። ይሄ ሲቪሽ ላይ የለም፣ ለምን? ዛሬውኑ ጨምሪው።

ሌላው፣ እኛ ወሎዎች ነን። ላይንሽ ላይ ጁምዓ የምትሰግድም፣ ጾም የምትይዝም፣ ፌሎሺፕ የምትሄድም አለች። ክርስቲያን መሪ ነኝ ብለሽ ማሽን ላይ እንዳትሰብኪባቸው፣ የራስሽን ሰዎችም እንዳታዳዪ፣ የፈቃድና የሽፍት አሰጣጥሽ ለሁሉም አንድ ይሁን። እምነትሽን የሚያዩት ታርጌት ሳይሞላ የቀረ ቀን ነው። ማኔጀሩ መጥቶ «ማናት ያዘገየችው?» ሲል ብዙ ሱፐርቫይዘር ጣቱን ኮሌታ የምትሰፋዋ ልጅ ላይ ይቀስራል፣ ልጅቷም አንገቷን ደፍታ ታለቅሳለች። አንቺ «ላይኑ የኔ ነው፣ እኔን ጠይቀኝ» በይና በኋላ ለብቻዋ ወስደሽ ምን እንደከበዳት ጠይቂያት። ማሽኑ ይሆናል፣ ያልተኛ ልጅ ቤት ይኖራት ይሆናል፣ እውነትም ሰንፋ ከሆነ ደሞ በግልጽ ንገሪያት፣ ደግነት ማለት ዝም ማለት አይደለም።

ብቻሽን ደሞ አትሸከሚው። አስቴር እንኳን ንጉሡ ጋ ከመግባቷ በፊት ሦስት ቀን ጹሙልኝ ብላ ሕዝቡን ለምናለች። ለንስሐ አባትሽ ንገሪያቸው፣ እዛው ፋብሪካ ካሉት ነባር ሱፐርቫይዘሮች አንዷን ደሞ ሻይ ጋብዣት፣ ላይን ስትረከብ መጀመሪያ ሳምንት ምን እንደገጠማት ትንገርሽ።

እስከ ሐሙስ መልስ ስጪ ተብለሻል፣ ስለዚ ነገ ኤችአር ገብተሽ ወረቀቱን ጠይቂ፣ ሲሰጡሽ ፎቶ አንስተሽ በቴሌግራም ላኪልኝ፣ የፊርማውን ጉዳይና ደሞዙን ረቡዕ ማታ አብረን እናየዋለን።