የሶሻል ሴኩሪቲ ይግባኙ ውድቅ ለሆነባችሁ እህቴ

እህቴ፣ ባለቤትሽ ከሶሻል ሴኩሪቲ፣ ማለት ከአሜሪካ መንግሥት የጡረታና የአካል ጉዳት ክፍያ መሥሪያ ቤት፣ የአካል ጉዳት ክፍያ ተከልክሎ፣ የመሥሪያ ቤቱ የይግባኝ ምክር ቤትም ጉዳዩን አላይም ብሎ እንደጻፈላችሁ አነበብኩ። «ፍርድ ቤት እንሂድ ወይስ እንደ አዲስ እናመልክት?» ብለሻል። ፍርድ ቤት ሂዱ። እኛም ያንኑ ደብዳቤ ይዘን ነው የተነሣነው።

አንደኛ፣ ቀኑን ያዙ። ደብዳቤው ከደረሳችሁ በ60 ቀን ውስጥ በፌዴራል ዲስትሪክት ፍርድ ቤት ክስ መመሥረት አለበት። የክሱ መክፈቻ ክፍያ 405 ዶላር ነው፤ አቅም ከሌላችሁ በደሃ ደንብ፣ ማለት ያለ ክፍያ፣ ለመክሰስ ማመልከት ይቻላል። በሰፈራችን ወዳለው የሶሻል ሴኩሪቲ ቢሮ ስንሄድ መስኮቱ ላይ የነበረችው ሠራተኛ ስለዚህ ትንፍሽ ሳትል፣ የባለቤቴን ክራንች እያየች «እንደ አዲስ አመልክቱ» ብላ ወረቀት ገፋችልን። ሳስበው እስከ ዛሬ ደሜ ይፈላል! እንደ አዲስ ማመልከት የኋላውን ውዝፍ ክፍያ ሊያስቀር ይችላል፤ ሥራ ከቆመ ዓመታት ካለፉ ደግሞ በሥራ ዘመን የተገኘው የአካል ጉዳት መድን ሽፋን ራሱ ያበቃል።

ሁለተኛ፣ አዲስ የሐኪም ወረቀት በመሰብሰብ አትድከሙ። ፍርድ ቤቱ ምስክር አይሰማም፤ የሚያየው የአስተዳደር ዳኛው፣ ማለት ጉዳዩን ቀድሞ የወሰነው የሶሻል ሴኩሪቲ የራሱ ዳኛ፣ ዘንድ የነበረውን መዝገብ ነው፤ አዲስ ማስረጃ የሚገባበት በር በጣም ጠባብ ነው። ስለዚህ ውሳኔውን መስመር በመስመር አንብቡት።

ባለቤቴ ነርሲንግ ሆም ውስጥ በሽተኛ ስታነሣ ነው ወገቧ የተጎዳው። ዳኛው ወደ ኢትዮጵያ በአውሮፕላን ስለተጓዘች ተቀምጣ መሥራት ትችላለች ብሎ ጻፈ። የሄደችው እናቷን ልትቀብር ነበር! መንግሥት ሙሉ መዝገቡን ለፍርድ ቤቱ ሲያስገባ፣ ማታ ማታ ከሥራ እየተመለስኩ ገጽ በገጽ አነበብኩት። በችሎቱ ግልባጭ ላይ በተሽከርካሪ ወንበር እየተገፋች አውሮፕላኑ ውስጥ እንደገባች፣ የመንገዱንም ግማሽ በመቀመጫዎቹ መካከል ቆማ እንደጨረሰችው በግልጽ ሰፍሯል። ተርጓሚው አንዲት ነገር አላጎደለም። ዳኛው ግን ይህን ጨርሶ አላነሣውም። ጠበቃችን ሳያየው ያለፈውን እኔ ነኝ ያገኘሁት፤ በዚህ እኮራለሁ። ክርክራችንም በዚያ ላይ ቆመ።

ፍርድ ቤቱ ውሳኔውን ሽሮ ለአዲስ ችሎት ወደ ሶሻል ሴኩሪቲ መለሰው። ማሸነፍ ብዙውን ጊዜ ይኸው ነው፤ ገንዘቡ በማግሥቱ አይመጣም። በሁለተኛው ችሎት ግን ተፈቀደላት፣ ውዝፉም ተከፈላት።

እንግሊዝኛ አለመቻል ይረዳል የሚላችሁን አትስሙ፤ ያ ደንብ በኤፕሪል 2020 ቀርቷል። ጠበቃው ከውዝፉ ለፍርድ ቤት ሥራው የሚወስደው ከ25 በመቶ አይበልጥም፣ እርሱንም ፍርድ ቤቱ ሲፈቅድ ነው።

ውሳኔው እጃችሁ ላይ ካለ፣ ስለ ሐኪሙ አስተያየት የተጻፈበትን ገጽ አስቀድሙ። ዳኛው አስተያየቱ በምን እንደተደገፈና ከሌላው ማስረጃ ጋር ይስማማ እንደሆነ የማብራራት ግዴታ አለበት። ያንን ዘሎት ከሆነ ክሱን ከዚያ ጀምሩ።