"ፋይን" ስትል ተቆጥታ ይሆን?

ጥያቄ፦ አለቃዬ የውጭ ዜጋ ናት። ባለፈው "ሪፖርቱን ነገ ጠዋት ባስገባውስ?" ብዬ በስልክ መልእክት ጻፍኩላት። "ፋይን" ብላ ብቻ መለሰችልኝ፣ ሌላ ምንም የለም። ትምህርት ቤት የተማርነው ፋይን ማለት ደህና፣ ጥሩ ማለት ነው ተብለን ነው። ታዲያ ለምን ደስ አላለኝም? ደግሞ አንድ ባልደረባዬ "አይ አም ቬሪ ፋይን" አይባልም ብሎ አረመኝ። እውነቱን ነው?
ግራ የገባት አንባቢ

መልስ፦ አለቃሽ ፈቅዳልሻለች። ፋይን እንዲህ ብቻውን ሲመጣ እሺ፣ ይሁን ማለት ነው። መቆጣት አለመቆጣቷን ግን ከቃሉ ብቻ ማወቅ አይቻልም። ፊት ለፊት ብትሆኑ ድምጿ ይነግርሽ ነበር፤ ቀለል አድርጋ ካለችው "ችግር የለውም" ነው፣ ቆረጥ አድርጋ ካለችው ደግሞ "እንግዲህ ምን ይደረግ" ነው። ጽሑፍ ላይ ድምፅ ስለሌለ አንዲት ብቸኛ ፋይን፣ በተለይ ነጥብ ከተደረገባት፣ ለብዙ ሰው ቀዝቃዛ ሆና ትነበባለች። "ዛትስ ፋይን" ብትልሽ ኖሮ ይህን ያህል ባላሳሰበሽ። እኔ ከአንድ ቃል ተነስቼ ተቆጥታለች አልልም፤ "ታንክ ዩ" በይና ሪፖርቱን በሰዓቱ አስገቢ።

ትልቁ ነገር ቃሉ የሚቀመጥበት ቦታ ነው፣ ይህንን ደግሞ ስንማር እምብዛም አይነግሩንም። ፋይን ከስም በፊት ሲመጣ ብዙ ጊዜ ሙገሳ ነው። "ኤ ፋይን ሲንገር" ካሉ የተዋጣለት ዘፋኝ ማለታቸው ነው። "ዘ ሲንገር ዎዝ ፋይን" ያለሽ ሰው ግን ዘፋኙ ምንም አይልም፣ ያስኬዳል እያለሽ ነው። ያው ቃል፣ ያው ዘፋኝ፣ ቦታው ሲቀየር ሙገሳው ወረደ። ስለዚህ ጓደኛሽ ለፍታ የሠራችውን ሥራ አሳይታሽ "ኢት ኢዝ ፋይን" ብትያት ቅር ቢላት አይፍረድባት። ከልብሽ ከወደድሽው "ግሬት" በያት።

ባልደረባሽም ልክ ነው። እኛ "በጣም ደህና ነኝ" ስለምንል "ቬሪ ፋይን" አፋችን ላይ ይመጣል። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎቹ ጋ ግን ስለ ጤና ሲሆን ፋይን ራሱ "የጎደለኝ የለም" ስለሆነ ቬሪ አይጨመርበትም። "ቬሪ ዌል" በይ። "ጀስት ፋይን" ግን ይባላል።

ሌላም አለ። ውሃ ልጨምርልሽ ሲሉሽ "አይ አም ፋይን" ካልሽ በቃኝ ማለትሽ ነው፣ ማንም አይቀዳልሽም። ከፈለግሽ "የስ፣ ፕሊስ" ነው።

ከስም በፊት ሲመጣ ሙገሳ ነው ያልኩት ግን ሁልጊዜ አይደለም። ፋይን ቀጭን፣ ደቃቅ፣ የላመ ማለትም ነው። "ሺ ሃዝ ፋይን ሄር" ሲሉ ብዙ ሰው ያማረ ፀጉር ይመስለዋል፣ እነሱ ግን የሚሉት የፀጉሯ ክር ቀጭን ነው ነው። የአንዳንድ እስክሪብቶ ጫፍ ላይ ያለችው "ኤፍ" የዚህ ቃል ምህፃር ናት፣ ቀጭን ይጽፋል ለማለት። የአየር ብክለት ሲለካም ስፋታቸው 2.5 ማይክሮሜትርና ከዚያ በታች የሆኑት ብናኞች "ፋይን ፓርቲክልስ" ይባላሉ። ሳንባ ውስጥ ጠልቀው የሚገቡት እነሱ ናቸውና ስማቸው ሙገሳ እንዳይመስልሽ። ለአሸዋም "ቬሪ ፋይን ሳንድ" ይባላል፣ በጣም ደቃቅ አሸዋ። እዚህ ላይ ቬሪ ምንም ችግር የለበትም።

የወርቅ ጥፍጥፍ ላይ "ፋይን ጎልድ 999.9" የሚል ማህተም አይተሽ ይሆናል። እዚያ ደግሞ ትርጉሙ የጠራ ነው፣ ከ1000 እጅ 999.9ኙ ወርቅ ነው ማለት ነው።

ይህ ሁሉ የተበታተነ ይመስላል እንጂ ምንጩ አንድ ነው። ቃሉ የመጣው መጨረሻ፣ ዳርቻ ማለት ከሆነው "ፊኒስ" ከሚባል የላቲን ቃል ነው። እስከ መጨረሻው የጠራ፣ እስከ መጨረሻው የተዋጣለት እየተባለ እዚህ ደረሰ። ቅጣት የሚባለው "ፋይን" እንኳ ከዚሁ ነው የመጣው፣ ገንዘብ ከፍሎ ጉዳዩን መጨረስ ከሚለው። እሱ ግን ቅጽል ሳይሆን ስም ነው፤ "ፔይ ኤ ፋይን" የሚል ደብዳቤ ከደረሰሽ ክፈይ ማለት ነው።